ጨርቅ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፦ ለዲጂታል ሰው ልክክ የሚል ልብስ ስለመሥራት

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ለሠራሻት ገጸ ባሕርይ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ልክክ የሚል ቦዲሱት ማልበስ ፈለግሽ። የሰውነቷን ሜሽ (ቅርጿን የሚሠራውን የነጥብና የገጽ መረብ) ኮፒ አደረግሽ፣ ጭንቅላቱንና እጁን ቆረጥሽ፣ ከዚያ ትንሽ ስኬል አድርገሽ አሳደግሽው። ሦስት ችግር መጣ። ብብትና ጭን ላይ ቆዳው ልብሱን አልፎ ብቅ ይላል። ደረትና ሆድ ላይ ልብሱ ልብስ መሆኑ ቀርቶ ሰውነት ላይ የተቀባ ቀለም ይመስላል። ክርኗን ስታጥፊው ደግሞ ሁሉም ነገር ይበላሻል። «ከፍ ሳደርገው ፊኛ ይሆናል፣ ዝቅ ሳደርገው ቆዳው ይወጣል፣ መሃሉ የት ነው?» ብለሻል።

መሃሉ የለም። ቁጥር በመቀያየር አታገኚውም። ሦስቱም ችግሮች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፣ ከሥራቸው ያለው ግን አንድ ነገር ነው፦ ልብሱን ወፈር ያለ ቆዳ አድርገሽ አስበሽዋል። ልክክ የሚል ልብስ የተወጠረ ጨርቅ ነው። የተወጠረ ጨርቅ ደግሞ ከጉብታ ወደ ጉብታ አቋርጦ ይሻገራል እንጂ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ይሄን ከያዝሽ የቀረው መሣሪያ ማወቅ ብቻ ነው።

ከስኬሉ እንጀምር። ስኬል ስታደርጊ እያንዳንዱ ነጥብ ከአንድ መሃል እየራቀ ይሄዳል። መሃሉ ሆዷ አካባቢ ነው እንበል። የግራ ጭኗ የውጭ ጎን ከመሃል ሲርቅ ከቆዳውም ይርቃል፣ እሺ። የዚያው ጭን የውስጥ ጎን ግን ፊቱ ወደ መሃል ነው። እሱ ከመሃል ሲርቅ ወዴት ይሄዳል? ሥጋው ውስጥ። ብብት ላይም ያው ነው፤ ወደ ጎድኗ የሚያየው የእጅጌው ጎን ወደ ውጭ ሲገፋ ክንዷ ውስጥ ይሰምጣል። እንግዲህ ቆዳው ብቅ ያለው ልብሱ ስላነሰ ሳይሆን ልብሱ ራሱ ሰውነቷ ውስጥ ስለገባ ነው። ብታሳድጊው እዚያ ቦታ ላይ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።

የክርንሽም ችግር ግማሹ ከዚሁ የመጣ ነው። ክርኗ ከመሃሉ 40 ሳንቲ ሜትር ይርቃል ብለን ልብሱን በ3 በመቶ ብታሳድጊው፣ የልብሱ ክርን 1.2 ሳንቲ ሜትር ወደ እጅ አንጓዋ ተንሸራቷል ማለት ነው። አጥንቱ የሚታጠፍበትና ጨርቁ የሚታጠፍበት ቦታ ተለያዩ። ታዲያ እንዴት አይበላሽ?

ስለዚህ ያንን ልብስ ተይውና ከሰውነቷ አዲስ ኮፒ አውጪ። ኤዲት ሞድ ግቢ፣ ሁሉንም ምረጪ፣ ኦልት እና ኤስ ተጫኚ። ይሄ ሽሪንክ ፋተን የሚባለው ነው። እያንዳንዱን ነጥብ በራሱ ኖርማል፣ ማለትም ገጹ በሚያይበት አቅጣጫ ይገፋዋል። የጭኑ የውስጥ ጎን ወደ ሌላው ጭን፣ የውጭ ጎኑ ወደ ውጭ ይሄዳል። 0.003 ብለሽ ጻፊ። ብሌንደር ላይ 1 ዩኒት 1 ሜትር ስለሆነ 3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለስስ ታይት 1.5 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለጠላቂ ዋናተኛ የጎማ ልብስ 5 ሚሊ ሜትር ብታደርጊው ያምርበታል፣ እውነተኛውም በዚያ ውፍረት ይሠራል።

ግን ከዚያ በፊት የሰውነቷ ስኬል 1 መሆኑን እዪ። ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ፊገር (የተዘጋጀ የሰው ቅርጽ) ብዙ ጊዜ 0.01 ሆኖ ይገባል። ያኔ 0.003 ያልሽው 0.03 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ምንም የተንቀሳቀሰ አይመስልሽም፣ ቁጥሩን እየጨመርሽ ስትደናገሪ ትውያለሽ። ሰውነቱንና ሪጉን (የሚያንቀሳቅሱትን አጥንቶች) አብረሽ ምረጪና ኮንትሮል እና ኤ ተጭነሽ ስኬሉን አፕላይ አድርጊ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም ጎበዝ የሚባል ሠሪ ሳይቀር የሚወድቀው እዚህ ነው።

ጠበቅ ያለ ከነቴራ የለበሰ ሰው በደንብ ተመልከቺ። ደረት ላይ ጨርቁ ከአንዱ ጡት ጫፍ ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ ይሻገራል፣ መሃል ላይ ያለው ሸለቆ ይሸፈናል። እምብርት ወይ አይታይም ወይ ደብዘዝ ያለች ጥላ ብቻ ትሆናለች። ከማጅራቱ በታች የአከርካሪው ቦይ ይጠፋል። ወገብ ላይ ደግሞ ጨርቁ ከትከሻ አጥንት ተነሥቶ ወደ መቀመጫ ሲወርድ ከጀርባው ትንሽ ይርቃል፣ እዚያ አየር አለ። መቀመጫ ላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያልፋል። ከአንገት አጥንት በላይ ያለችው ጉድጓድም እንዲሁ። የአንቺ ቦዲሱት ግን የሰውነቷን ሜሽ ስለቀዳ እነዚህን ሁሉ ጉድጓዶች አንድም ሳይቀር ይዟቸዋል። ቀለም የሚመስለው ለዚህ ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ቦዲሱትም ልክ እንደዚህ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ቆዳው ብቅ ያለበትን ቦታ እያሳደድኩ ነጥብ በነጥብ ጎተትኩ። ቆዳው መውጣቱን አቆመ፣ ልብሱ ግን ልብስ አልመስል አለኝ። መብራቱን ቀየርኩ፣ ማቴሪያሉን ቀየርኩ፣ ምንም። ኋላ ላይ እምብርቷን ብቻ ደፍኜ ሬንደር ሳደርገው (የመጨረሻውን ሥዕል ሳወጣ) ሆዱ በአንድ ጊዜ ጨርቅ ሆነ። አንዲት ጉድጓድ ብቻ! ከዚያ ቀን ወዲህ ልክክ የሚል ልብስ ስጀምር መጀመሪያ የምፈልገው የሚደፈነውን ጉድጓድ ነው።

አደፋፈኑ ሁለት ዓይነት ነው። ጥልቅ ለሆኑት፣ ማለትም ለእምብርት፣ ለጡት መሃልና ለመቀመጫ መሃል፣ በጉድጓዱ ውስጥ ያሉትን ገጾች አጥፊና ቀዳዳውን በግሪድ ፊል ሙዪው። ግሪድ ፊል እምቢ ካለሽ የቀዳዳው ዙሪያ የነጥብ ቁጥር ጎደሎ ስለሆነ ነው፣ አንድ ነጥብ ጨምሪና ሙሉ አድርጊው። ጥልቀት ለሌላቸው፣ ለአከርካሪ ቦይ፣ ለጎድን አጥንት፣ ለአንገት አጥንት፣ ስከልፕት ሞድ ውስጥ በስሙዝ ብሩሽ ቀስ እያልሽ አለስልሺው።

ስታለሰልሺ ግን አንድ ነገር ይመጣል። ስሙዝ ጉድጓዱን ከፍ እንደሚያደርገው ሁሉ ጉብታውንም ዝቅ ያደርገዋል። ትከሻ፣ ጡት፣ ጉልበት ላይ ልብሱ ቆዳው ውስጥ ይሰምጣል። እዚህ ላይ ነው ሽሪንክራፕ የሚያስፈልግሽ፣ አንዱን ሜሽ ወደ ሌላው ሜሽ ገጽ የሚያስጠጋው ሞዲፋየር (ሜሹ ላይ የሚጫን መሣሪያ)። ብዙ ሰው ሽሪንክራፕን አንዴ ሞክሮ ይጠላዋል፣ ምክንያቱም እንደመጣ ስናስገባው ሁሉንም ነጥብ ሰውነቱ ላይ ይለጥፈዋል፣ ጉድጓዱም ይመለሳል። ያ «ኦን ሰርፌስ» የሚባለው ምርጫ ሥራ ነው። ስናፕ ሞዱን «አውትሳይድ» አድርጊው። አሁን ሽሪንክራፑ የሚነካው ወደ ውስጥ የገቡትን ነጥቦች ብቻ ነው፤ እነሱን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ከቆዳው ርቀው በአየር ላይ የተሻገሩትን ዝም ይላቸዋል። ኦፍሴቱን 0.002 አድርጊ። ከዚያ አፕላይ፣ እንደገና ማለስለስ፣ እንደገና ሽሪንክራፕ። ሦስት አራት ዙር ስትሄጂበት ልብሱ ጉብታው ላይ ተቀምጦ ጉድጓዱን ሲሻገር ዓይንሽ እያየ ይመጣል። እውነተኛ ውጥረት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ስታለሰልሺ ክርን፣ ጉልበትና ብብት ላይ ያሉትን የኤጅ ሉፖች (ሜሹን የሚዞሩ የጠርዝ ቀለበቶች) አታጥፊ። ሰውነቷን የሠራው ሰው እዚያ ያስቀመጣቸው መታጠፊያ እንዲሆኑ ነው። አንድ መገጣጠሚያ በደንብ እንዲታጠፍ ቢያንስ ሦስት ሉፕ ይፈልጋል፣ አንዱ መታጠፊያው ላይ፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ። በአንጻሩ የእምብርትና የጡት ጫፍ ክብ ሉፖች ለጨርቅ አያስፈልጉም፣ ያለ ርኅራኄ ይውጡ።

ሜሹን ለማቅለል ብለሽም ከመጠን በላይ አታሳሺው። በቁጥር ላሳይሽ። ክንዷ ክብ ነው፣ ራዲየሱ 40 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። እጅጌውን ዙሪያውን በ8 ነጥብ ሠርተሽ 3 ሚሊ ሜትር አራቅሽው። ነጥቦቹ ከመሃል 43 ሚሊ ሜትር ላይ ናቸው፣ ደህና። ግን በሁለት ነጥብ መካከል ያለው ገጽ ቀጥ ያለ ነው፣ ክንዱ ደግሞ ጎበጥ ያለ። የገጹ አጋማሽ 39.7 ሚሊ ሜትር ላይ ይወድቃል። ቆዳው 40 ላይ ነው። ወጣ ማለት ነው፣ አንድም ነጥብ ውስጥ ሳይገባ! በ16 ነጥብ ብትሠሪው ግን አጋማሹ 42.2 ላይ ይሆናል፣ ከበቂ በላይ ነው። ቆዳው በመስመር በመስመር ብቅ ሲል ካየሽ ይሄ ነው ምክንያቱ። ሰውነቷን ሬንደር ላይ ሰብዲቪዥን (ገጾቹን ከፋፍሎ የሚያለሰልሰውን) ደረጃ 2 አድርገሽ ልብሱን 0 ላይ ከተውሽውም ያው ይደርስብሻል፤ ደረጃቸውን አንድ አድርጊ።

ወደ ዌይቱ እንምጣ፣ እያንዳንዱ ነጥብ የትኛውን አጥንት ምን ያህል እንደሚከተል የሚወስነው ቁጥር ነው። ልብሱ የሰውነቷ ኮፒ ስለሆነ የአጥንት ዌይቱ አብሮ መጥቷል፣ ግን የደፈንሽባቸው አዲስ ነጥቦች ምንም ዌይት ላይኖራቸው ይችላል፣ ያለሰለስሽውም ቦታውን ለቋል። ስለዚህ እንደገና ማስተላለፍ ይሻላል። ልብሱ ላይ ዳታ ትራንስፈር ሞዲፋየር አስገቢ፣ ምንጩን ሰውነቷ አድርጊ፣ ቨርቴክስ ግሩፕስን (ዌይቱ የሚቀመጥባቸውን የነጥብ ስብስቦች) ምረጪ፣ ማፒንጉን «ኒረስት ፌስ ኢንተርፖሌትድ» አድርጊው። ጀነሬት ዳታ ሌየርስ የሚለውን ተጫኚና አፕላይ አድርጊ። በደቂቃ ያልቃል።

አንድ ወጥመድ ግን አለው። ማስተላለፉ የሚሠራው «ቅርብ ያለው ማነው?» በሚል ነው። ሁለቱ ጭኖች ከተጠጋጉ የግራው ልብስ ከቀኙ እግር ዌይት ሊወስድ ይችላል። ስትራመድ ጨርቁ ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ብብትም ላይ እጅጌው ከጎድን ይወስዳል። መፍትሔው ዌይቱን ስታስተላልፊ እግሯ ገለጥ፣ ክንዷ ከጎኗ ራቅ ብሎ እንዲቆም ማድረግ ነው። የተዘጋጁ የሰው ፊገሮች የሚገኙበት ዳዝ ስቱዲዮ ጄኔሲስ 8 ከሚባሉት ፊገሮቹ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2017 ወዲህ፣ የፊገሮቹን መነሻ ክንድ ዝቅ ያለበት የኤ አቋም አድርጎታል። ለትከሻ መታጠፍ ጥሩ ነው፣ ብብቱ ግን ስለሚጠብ እዚያ ላይ ዓይንሽን ጣል አድርጊ። የተሳሳተ ነጥብ ካገኘሽ ዌይት ፔይንት ውስጥ በእጅ ማጥፋት ነው፣ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ከዚያ የሞዲፋየሮቹ ቅደም ተከተል። መጀመሪያ አርማቸር፣ ቀጥሎ ኮሬክቲቭ ስሙዝ፣ ቀጥሎ ሽሪንክራፕ በአውትሳይድ፣ ቀጥሎ ሶሊዲፋይ፣ በመጨረሻ ሰብዲቪዥን። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። ልብሱ መጀመሪያ ከአጥንቱ ጋር ይታጠፋል፣ ከዚያ መታጠፊያው ላይ የተጨማደደው ይለሰልሳል፣ ከዚያ ሲለሰልስ ቆዳው ውስጥ የገባው ይገፋል፣ ከዚያ ውፍረት ያገኛል። ሶሊዲፋይ ላይ ኦፍሴቱ ሲመጣ ‑1 ነው፣ ውፍረቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ ቆዳው ያሳድገዋል። ወደ 1 ቀይሪው። በዚህች አንድ ቁጥር ምክንያት ስንት ሰው ልብሱን ከመጀመሪያው እንደገና ሠርቷል።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ ከልብሱ ሥር ያለውን ቆዳ ደብቂው። ማስክ ሞዲፋየር ሰውነቷ ላይ አስገቢ፣ በልብሱ የተሸፈነውን ቨርቴክስ ግሩፕ ስጪው፣ ግልብጡን (ኢንቨርት) ምረጪ። ከጠርዙ ሥር ግን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ቆዳ አስቀሪ፣ አለዚያ በእጅጌው አፍ ወደ ውስጥ ሲታይ ባዶ ይሆናል። «ይሄ ማጭበርበር ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። የጌም ሠሪዎች ከልብስ ሥር ያለውን አካል ጭራሽ ያጠፉታል፣ የማይታይ ነገር ማሽኑን ለምን ይከብደዋል? ሽሪንክራፑ ግን የተደበቀውን ሰውነት እንደ ዒላማ ሊያገኘው ስለማይችል፣ ለዒላማነት ማስክ የሌለው ሁለተኛ የሰውነት ኮፒ ከሬንደር ውጭ አስቀምጪለት።

የሚቀጥለው ከሁሉም የምወደው ክፍል ነው፣ እባክሽ አትዝለዪው። ልብስ ጥብቅ መሆኑን ለዓይን የሚነግረው ልብሱ ሳይሆን ሥጋው ነው። ላስቲኩ ጠበቅ ያለ ካልሲ አውልቀሽ ባትሽን ዓይተሽ ታውቂያለሽ፣ መስመሩ ቆዳው ላይ ይቀራል። ካልሲው እያለ ደግሞ ከላስቲኩ በላይ ያለው ሥጋ ትንሽ ቡፍ ይላል። ይህንን ሰውነቷ ላይ ሥሪው። ሼፕ ኪ (ዋናውን ሳይነካ የተለወጠ ቅርጽ የሚያስቀምጥ) ክፈቺ፣ በእጅጌው ጠርዝና በአንገቱ ዙሪያ ቆዳውን 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ጫኚው፣ ከጠርዙ ወዲያ ያለውን በትንሹ ከፍ አድርጊው። ሥጋ ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ የክንድ ውስጥ ጎን ላይ፣ በርከት ይላል፤ አጥንት ባለበት፣ ለምሳሌ እጅ አንጓ ላይ፣ ከነጭራሹ አይኖርም። ዙሪያውን እኩል ካደረግሽው ሥጋ ሳይሆን ፕላስቲክ ይመስላል። አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ሥዕሉን ግን ሌላ ያደርገዋል።

ሽብሽቦሹም እንዲሁ ምክንያት ይፈልጋል። የተወጠረበት ቦታ አይሸበሸብም፤ የታጠፈ ጉልበት ላይ ጨርቁ ለስላሳ ነው። ሽብሽቦሽ የሚወጣው ጨርቅ በሚጠራቀምበት ነው፦ ቋንጃ፣ የክርን ውስጥ ጎን፣ ብብት፣ ጭን ከሆድ የሚገናኝበት። ከብብት ወደ ደረት እንደ ጨረር የሚወጡ ስስ መስመሮች ሁለት ሦስት ብታደርጊ ይበቃል። ለእነዚህ ሜሹን አትንኪ፣ ኖርማል ማፕ (ቅርጹን ሳይቀይር ብርሃኑን የሚያታልል ሥዕል) ላይ ይሁኑ። የጨርቁን ሽመና ስትሠሪ ደግሞ ጉልበትና ደረት ላይ ትንሽ ሳሳ አድርጊው፣ የተለጠጠ ጨርቅ ክሮቹ ይራራቃሉና።

ስፌት ላይ መጠን ጠብቂ። የልብስ መኪና አንድ ስፌት አብዛኛውን ጊዜ 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቴክስቸሩ (ልብሱ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል) ላይ አንዷ ስፌት 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነች ተመልካቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ገጸ ባሕርይሽን አሻንጉሊት አድርጎ ያያታል። የልብሱን መገጣጠሚያ መስመሮችም እውነተኛ ልብስ ሰፊ በሚያስቀምጥበት አስቀምጪ፣ ጎን ላይ፣ በጭን ውስጥ፣ በትከሻ። ቅምቅማቱ ደግሞ ውፍረቱ ይታይ፣ ብርሃን የሚይዘው እሱ ነው።

እንደ ልብስ ሰፊ በቅድ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ማርቬለስ ዲዛይነር፣ ይሻላል ወይ ብለሽም ጠይቀሽ ነበር። ለሰፊ ቀሚስና ለጃኬት አዎ፣ ተወዳዳሪ የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦዲሱት ግን ከላይ ያልኩሽ መንገድ ይፈጥናል። በእሱ ልሥራ ካልሽ የቅዱን መጠን ከሰውነቷ ልኬት ከ5 እስከ 10 በመቶ አሳንሺው፣ የሚለጠጥ ጨርቅ በእውነትም የሚቆረጠው እንደዚያ ነው። የአቫተሩ (የሚለብሰው አካል) ስኪን ኦፍሴት፣ ማለትም ጨርቁ ከቆዳው የሚርቅበት ልክ፣ ሲመጣ 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ወደ 0 አውርጂው፣ ፓርቲክል ዲስታንሱንም (በጨርቁ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት) ከ20 ወደ 5 ሚሊ ሜትር በመጨረሻው ላይ ብቻ። ሲጀመር 5 ካደረግሽው ኮምፒውተርሽ ያለቅሳል። ሲያልቅ ሜሹ ለመታጠፍ አይመችም፣ ሪቶፖሎጂ፣ ማለትም ሜሹን በንጹሕ ገጾች እንደገና መሥራት፣ የግድ ነው።

ዩቪም (ሜሹን ለቴክስቸር ጠፍጣፋ አድርጎ መዘርጋት) ቴክስቸርም ከመጀመርሽ በፊት ግን ልብሱን ፈትኚው። እኔ አምስት አቋም አለኝ፦ ሁለት እጅ ወደ ላይ፣ ቁጢጥ ማለት፣ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ክርን እስከ መጨረሻው ማጠፍ፣ ወገብ ማዞር። አምስቱን ታይምላይኑ ላይ በ20 ፍሬም ልዩነት አስቀምጪና ወደፊት ወደኋላ እየጎተትሽ እዪ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚወጣው አቋሙ ላይ ሳይሆን በሁለቱ አቋሞች መካከል ነው።

ኋላ ላይ ቦዲሱቱን እስከ እግር ጣት ማድረስ ካሰብሽ፣ ጓንትና ካልሲን አንድ ዓይነት አድርገሽ አትያዣቸው። ጓንት እያንዳንዱን ጣት ይከተላል፣ በጣቶቹ መሃል ያለውን ቆዳ ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጊለት። ካልሲ ግን ጣት አያውቅም። ከሰውነቷ ኮፒ ላይ አምስቱንም የእግር ጣቶች ቆርጠሽ አውጪና አፉን በአንድ ክብ ጫፍ ዝጊው፤ ዌይቱም ከአውራ ጣትና ከመሃለኛው ጣት ብቻ ይምጣ፣ አለዚያ አንዷ ጣት ስትንቀሳቀስ ካልሲው ላይ እባጭ ይወጣል።